ስለ ልጆች የዜማ ትምህርትና ስለ አንዲት የሰኔ ቅዳሜ

(የክራር ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)



በዛሬው ምሽት ስለ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ ከየመጻሕፍቱ ለቅሜ፣ በምዕራፍና በክፍል ከፋፍዬ ያሰናዳሁት ጽሑፍ ነበረኝ፤ ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ በገዛ ቤቴ ከሆነው ነገር ጋር ባስተያየው፣ ሐሰት ባይኖርበትም ጨው የሌለው ወጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ እርሱን በመሳቢያዬ ትቼ፣ የዚያችን የአንዲት ቀን ነገር ከማለዳ እስከ ማታ ላወጋችሁ፣ ትምህርት የሚሆነውንም በየመንገዱ እያነሣሁ ልሄድ መርጫለሁ።

ሦስት ልጆች አሉን። ታላቂቱ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ ክራር ትማራለች፤ መካከለኛው 9 ዓመቱ ነው፣ ቫዮሊን ይማራል፤ ትንሿ 6 ዓመት ሞልቷታል፣ እርሷም በሰፈራችን ባለ አንድ ማሠልጠኛ የባህል ውዝዋዜ ትለማመዳለች። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ቀኖች ቢውሉ ኖሮ ቤታችን በሰላም ውሎ በሰላም ባደረ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰኔ የትምህርት ዓመቱ ማለቂያ ነውና፣ የክራሩ ትምህርት ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የቫዮሊኑ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ተኩል፣ የትንሿም የዓመት መዝጊያ ትርኢት፣ እኛ በልጅነታችን የወላጆች በዓል የምንለው፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሆኖ፣ ሦስቱም በአንዲት ቅዳሜ ላይ ተገጣጠሙ። ከገርጂ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ተመልሶ እስከ ገርጂ ያለውን መንገድ በሰኔ ዝናብ የሄደበት ሰው ሐሳቤ ይገባዋል።

ነገሩ በእውነቱ የተጀመረው ዓርብ ማታ ነው። ለውዝዋዜው ሹሩባ መሠራት ግድ ስለ ነበረ፣ አንዲት ጎረቤታችን ትንሿን ከጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ጠጉሯን በሚዶ እየከፈለች ስትጎነጉናት፣ ልጂቱም አንገቷ ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር እንባ በዓይኗ ሞልቶ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። እናቴ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ሆና፣ «አይዞሽ የኔ እናት፤ እኔም ለጥምቀት ስሠራ እንዲሁ እያለቀስሁ ነው ያደግሁት» እያለች፣ በዚያውም የከበሮውን ምት በመዳፏ በገዛ ጉልበቷ ላይ ትመታላት ነበር። ልጂቱ እንባዋን ሳትጠርግ ትከሻዋ ከምቱ ጋር ሲነቃነቅ አየሁና ሣቅሁ፤ ከዚያም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዱ ልጅ ቫዮሊኑን ከሣጥኑ አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ አልነካውም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁትም ነበር። በዚህ መሣሪያ ነገር በቤታችን የቆየ ጨዋታ አለ፤ ለልጅ የሚሠራው ቫዮሊን እንደ ክንዱ ርዝመት እየተለካ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየተባለ ስለሚጠራ፣ የልጃችን «ግማሽ ቫዮሊን» መሆኑን እናቴ በሰማች ጊዜ፣ የከፈልሁትን ገንዘብ ታውቅ ነበርና፣ «ሌላው ግማሹ የት ሄዶ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ታዲያ ልጁ ቀስቱን በአውታሩ ላይ ባሳረፈ ጊዜ ድምፁ ወርዶ ተሰማ። እኔም አንድ ዓይኔን ከሰዓቱ ላይ ሳልነቅል መሣሪያውን ከእጁ ተቀብዬ፣ በአንገቱ ጫፍ ካሉት የእንጨት መቃኛዎች አንዱን ይዤ ጠመዘዝሁ። መቃኛው እንቢ አለኝ። እንዲህ ያለው መቃኛ በበጋ ደርቆ የሚላላና የሚንሸራተት፣ በክረምት ግን እርጥበት ጠጥቶ የሚያብጥና በቀዳዳው ውስጥ የሚጣበቅ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበርና፣ ጉልበት ጨመርሁበት፤ እርሱም በድንገት ተላቅቆ ከሚገባው በላይ ዞረና፣ ከአራቱ አውታሮች ሁሉ ቀጭኑ፣ ሙዚቀኞቹ ኢ የሚሉት፣ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጁ አላለቀሰም። ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተኝና፣ «አባዬ፣ ድምፁን ሳትሰማው እኮ ነው ያጠበቅኸው» አለኝ።

አድማጮቼ፣ የ9 ዓመት ልጅ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የበጠስሁት ክር ይገዛል፤ የማይገዛው ግን ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ የሰነበተው ልምምድ ነው። ጣት የሚማረው በብዛት ሳይሆን በመመላለስ ስለ ሆነ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚለማመድ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከሚቀመጠው ይልቅ አርቆ ይሄዳል፤ በመካከሉ ያለው እንቅልፍና ዕረፍት ራሱ የተማረውን ነገር በአእምሮው ያጸናለታልና። ከዚህም ጋር መታወቅ የሚገባው፣ ጣት ትክክሉን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም በዚያው ትጋት የሚማር መሆኑ ነው፤ አንዱን አስቸጋሪ ስፍራ ዐሥር ጊዜ እየሳተ ያለፈ ልጅ፣ ዐሥር ጊዜ የተለማመደው ስሕተቱን ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናዘው፣ እኔም በዚያን ማለዳ ያዘዝሁት፣ «በል ከመጀመሪያው ጀምረህ ውረድበት» የሚለው ትእዛዝ፣ የሚያውቀውን መግቢያ እያስደገመ የማያውቀውን መካከል እንደ ነበረ የሚተው ትእዛዝ ነው። የሚበጀው «የቷ ላይ ነው የከበደህ?» ብሎ ጠይቆ፣ እርሷን አንዲቱን መስመር ብቻ ለይቶ፣ ከልኳ እጅግ በዘገየ አካሄድ ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክል ማለፍና በዚያው መዝጋት ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን ልጁ ሳይሰለች ማቆም የተሻለ ነው።

ከ1898 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ የኖረው ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ፣ በዓለም ሁሉ የታወቀውን የማስተማሪያ ዘዴውን የመሠረተው እጅግ ቀላል በሆነ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የጃፓን ልጅ ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራል የሚል ነው። ልጅ የእናቱን ቋንቋ የሚለምደው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት፣ እየሰማና እየተሰማ ከሆነ፣ ሙዚቃንም በዚሁ ሥርዓት ይልመድ ብሎ፣ ልጁ ገና ቀስት ሳይጨብጥ ወላጁ ራሱ መጥቶ ጥቂት እንዲማር፣ በትምህርቱም ሰዓት አብሮ ተቀምጦ እንዲያዳምጥና በቤት ውስጥ ረዳት እንዲሆን ያደርግ ነበር። ይህን ካነበብሁ ዓመታት አልፈዋል። በልጄ የትምህርት ሰዓት ግን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ከደጅ ቆሜ ስልክ ስነጋገር ነበር።

የሆነ ሆኖ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ ክራር፣ ባለሦስት ክር ቫዮሊን፣ የትንሿን ጥልፍ ቀሚስና መቀነት በፌስታል፣ ምሳችንን በሣህን ይዘን ስድስት ሰዎች በአንድ ታክሲ ተጨናንቀን ወጣን። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆምን። እናቴ ሣጥኑን በጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ «ይኸ የፈረንጅ መሰንቆ እንዲያው ለእኛ ምናችን ነው?» ስትለኝ፣ እኔም ከማለዳው ኀፍረቴ ዐዋቂ በመምሰል ለመውጣት ፈልጌ፣ የፈረንጅ ሙዚቃ ወደ አገራችን ከገባ መሰንበቱን፣ በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከዚያ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ የመለከትና የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾች የነበሩትን፣ ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን የሰላምታ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሰ፣ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የአገራችንን ሙዚቀኞች እንዳስተማረ ተረኩላት። «አርባ ልጆች ሲባል አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር» አለችና፣ ዝናቡን በመስኮቱ እያየች ጥቂት ዝም ብላ፣ «ምስኪኖች፤ ታዲያ እናት ሳይኖራቸው የተማሩትን ለማን ያሰሙ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

በስድስት ኪሎ የክራሩ መምህር ጠበቁን። በዚያን ቀን፣ በልጁ ቃል የተወጋ ስለ ነበርሁ፣ ከደጅ መቆሜን ትቼ ገብቼ ተቀመጥሁ። መምህሩ ክራሩን ከልጄ ተቀብለው አውታሩን ሁሉ ሆነ ብለው አላሉት፤ መልሰውም ሰጧትና፣ «ቃኚው» አሏት። ከአንዱ ሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ የሚሆነው በዚህ አለቀ። እርሷ አንዱን አውታር ትመታለች፣ ታዳምጣለች፣ ታጠብቃለች፣ ትመታለች፣ አንገቷን ነቅንቃ ታላላለች፤ መምህሩ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ምንም ሳይናገሩ ይጠብቃሉ። እኔም በልቤ ለሰዓቱ የከፈልሁትን ብር ለ60 እያካፈልሁ ተቀምጫለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ወደ ጆሮዬ መግባት ጀመረ፤ እርሱንም እናንተ ራሳችሁ እንድትሰሙት የልጄን ክራር ተውሼ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

(ስድስቱ አውታሮች አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይመታሉ።)

የሰማችሁት ስድስት አውታር ነው፤ ድምፁ ግን አምስት ነው፤ ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱ እጥፍ ሆኖ በሌላ ከፍታ ያንኑ ይመልሳል። አራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ሲሆኑ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው በአምስቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ አሁን የመታሁላችሁ ትዝታ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ላድርጋቸውና ስሙት።

(ሁለት አውታሮች ይላላሉ፤ ሁሉም እንደ ገና ይመታሉ።)

ይኸኛውም ትዝታ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ማይነር የሚሉት ነው። ሦስቱ ድምፆች ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ነገር ግን ቀድሞ ፀሐይ የገባበት ቤት አሁን መስኮቱ የተዘጋ ይመስላል። በቫዮሊን አንዱን አውታር ጣት በየስፍራው እየተጫነ ብዙ ድምፅ ያወጣለታል፤ በክራር ግን ዘወትር እንደምናየው አንዱ አውታር የተቃኘበትን አንዱን ድምፅ ብቻ ይሰጣልና፣ ቅኝቱ አስቀድሞ ካልቀና የጣት ቅልጥፍና ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የክራር ተማሪ ከመጫወቱ በፊት ማዳመጥን መማር ግዴታው ነው፤ መምህሩ ዝም ብለው የተቀመጡባቸው 20 ደቂቃዎችም የትምህርቱ መግቢያ ሳይሆኑ ራሱ ትምህርቱ ነበሩ። ገንዘቤን ማካፈሉን ያን ጊዜ ተውሁት።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እነክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን እኩል ቦታ ይዘው ይሰጣሉ። ትምህርት ቤቱ በስሙ የተጠራለት ማኅሌታይ፣ በ6ኛው ምእት ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች ያወረሰን ሊቅ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የትሏን ታሪክ ያልሰማ የኢትዮጵያ ልጅም ያለ አይመስለኝም፤ ብላቴናው ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ስለ ገረፈው ሸሽቶ፣ በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ አይቶ ልቡናው ተከፈተ ይባላል። ይህን ታሪክ ወላጆች ለልጆቻቸው የምንተርከው ሰነፍ እንዳይሆኑ ለማስፈራራት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን በእርጋታ ብናስተውለው፣ በሩ የተከፈተው በአጎቱ አለንጋ ሳይሆን ብቻውን ዝም ብሎ በማየቱ ነው፤ ከዛፉም ሥር ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ታክሲው ሊሄድብን ነው» እያለ በትሏ ላይ የሚጮኽባት አባት አልነበረም።

በዜማ ቤት የሚያድገውን ደቀ መዝሙር ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ማታ፣ ብርሃን ባልበራበት፣ በቃሉ ይዘልቀዋል፤ መሪጌታው ዓይነ ስውር ቢሆን እንኳ ከብዙ ድምፆች መካከል የአንዱን ተማሪ አንዲት የተዛነፈች ርክርክ ለይቶ ሰምቶ ያቃናዋል። የዜማውን መጽሐፍ ድጓውን ብዙ ዓመት ከደከመበት በኋላም የሚያጸድቅለት ወረቀት ላይ የሚጻፍ ፈተና አይደለም፤ በደቡብ ጎንደር ወዳለችው ወደ ቤተልሔም ወርዶ፣ የተማረው ዝማሬና መዋሥዕት እንደ ሆነም ወደ ዙር አባ ሄዶ፣ ያወቀውን በሊቁ ፊት ያሰማል። የዚህ ሥራ ስሙ ማስመስከር ነው፤ ተቀምጦ የሚሰማው ሊቅም ምስክር ይባላል። እኛ በየዓመቱ መጨረሻ በየአዳራሹ የምናደርገውን ነገር ትርኢት ስንለው ዓይንን ጠራንለት፤ የቀደሙት አባቶች ግን የጠሩለት ጆሮን ነው።

የቫዮሊኑን ትምህርት ባጭሩ ልለፈው። ሳሪስ ስንደርስ 20 ደቂቃ አርፍደን ነበር። መምህርቷ የተበጠሰውን ክር አይታ፣ እኔንም አየችኝ፤ ከቦርሳዋ ትርፍ አውታር አውጥታ በአምስት ደቂቃ ቀየረችው፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። አዲስ አውታር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እየተለጠጠ ድምፁ ስለሚወርድ፣ ልጁ በየጥቂቱ እያቋረጠ ማዳመጥና መቃኘት ነበረበትና፣ ያ የእኔ ጥፋት ሳይታሰብ የዕለቱ ትምህርት ሆነ። በመጠበቂያው ክፍል አብረውን የተቀመጡ አንድ አባት ለልጃቸው፣ «እማሆይ ጽጌ ማርያም እኮ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አንቺ ግማሽ ሰዓት ይከብድሻል» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ያረፉት ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በካይሮ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት ያህል በፒያኖና በቫዮሊን ላይ ይቀመጡ እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን ያን ጊዜ ወደው የመረጡት ወጣት ነበሩ፤ ወደዚያ ያደረሳቸው የሙዚቃ ፍቅር ቀድሞ በልጅነታቸው፣ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ትምህርት ቤት በተላኩ ጊዜ፣ በመስማት የተጀመረ ነው። ፍሬውን እያሳየን ዘሩን ከልጅ የምንጠይቅ ብዙዎች ነን።

አሁን ወደ አዳራሹ ልግባ።

ትርኢቱ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ሲቀር ተጀመረ፤ ስለዚህ እንኳን እኛ ከእኛ በኋላ የመጡትም ደረሱ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ሰው ከጎኑ ያለውን አይሰማም። በደጃፉ አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። የትልልቆቹ ልጆች የጉራጌ፣ የወላይታ፣ የኦሮሞ ጭፈራ በቴፕ እየተመራ አለፈ፤ ያማሩ ነበሩ፣ አልዘረዝረውም። የትናንሾቹ እስክስታ ግን በእውነተኛ ከበሮ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፣ አንድ ወጣት ከበሮውን አንግቶ ወጣና አንድ ጊዜ መታው፤ ድምፁ ከረጢት እንደ መቱ ዱብ ብሎ ቀረ። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ የላላ ቆዳም አይናገርም። ወጣቱ አልተደናገጠም፤ ሕዝቡን ትቶ ወደ ደጃፉ ሄደና፣ ባለ ቡናዋን ፈቃድ ጠይቆ፣ የከበሮውን ፊት ወደ ከሰሉ ምድጃ መለስ አድርጎ፣ እንዳይለበልበው እያዞረ ያሞቀው ጀመር። በየጊዜው በሁለት ጣቱ ጫፉን፣ ከዚያ መካከሉን ቸብ ቸብ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ደግሞ ያዞረዋል። እናቶች በሰዓቱ መግፋት ሲያጉረመርሙ እናቴ ብቻ፣ «ይተዉት፤ ያውቃል» አለች። ተመልሶ በመታው ጊዜ ድምፁ ከቆርቆሮው ዝናብ በላይ ወጣ።

ስምንት ሕፃናት በነጭ ቀሚስ ወጡ። ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ምት ስድስት ቆጠራ ያለው ሲሆን፣ እግር በሁለት ሲረግጠው ትከሻ በሦስት በሦስት ይከፋፍለዋልና፣ ለታላቅ ሰው እንኳ ሐሳብ የሚበትን ነገር ነው፤ ልጅ የሚይዘው ቆጥሮ ሳይሆን ሰምቶ ነው። የእኛዪቱ ከግራ ሦስተኛ ነበረች። መጀመሪያው ደኅና ሄደ። መዞር በሚገባቸው ስፍራ ግን ሰባቱ ወደ ቀኝ ሲዞሩ እርሷ ቀርታ፣ እጇን በወገቧ እንዳደረገች ደርቃ ቆመች፤ ከንፈሯም መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ስልኬን ከፍ አድርጌ እቀርፅ ነበር፤ በዚያች በትንሿ መስተዋት ውስጥ ልጄ ስትጠፋ እያየሁ፣ ምስሉ እንዳይበላሽ እጄን አጽንቼ ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ በትክክል አላውቅም፤ ልጂቱ ቀና ብላ ወደ ከበሮው አየች፤ ትከሻዋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ፤ ከዚያም ሰባቱ ዞረው ሲመጡ ተቀብላቸው አብራ ወረደች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ድንገት ትዝ ብሏት ነው ብዬ ወደ እናቴ ዘወር ብል፣ መዳፏ በጉልበቷ ላይ እንደ ዓርቡ ማታ ይመታል፤ እንባዋ ወርዷል።

«አልሰማህም እንዴ?» አለችኝ። «ከበሮ መቺው ጠበቃት እኮ።»

አልሰማሁም ነበር። ማታ ቤት ገብተን፣ እግራችንን ታጥበን፣ ትንሿ ሹሩባዋን በሻሽ አስራ ከነቀሚሷ ከተኛች በኋላ፣ ባለቤቴና እኔ ያን ስፍራ ለመስማት ስልኩን ከፈትን። ምስሉ አለ፤ የፊት ለፊቱ ሰውዬ ራስ ግማሹን ጋርዶታል። ድምፁ ግን ከዳር እስከ ዳር በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያ ወጣት ሁለት ምት ያህል አዘግይቶ፣ አለስልሶ፣ ሕፃኗን ከጠፋችበት መልሶ ያመጣበትን ድምፅ በጆሮዋ የያዘች የ70 ዓመት ሴት አለች፤ እኔ ግን የያዝሁት ዝናቡን ነው።

እሑድ ማታ፣ ልጁ ሳይታዘዝ ቫዮሊኑን አወጣ። ስልኬን ከሌላ ክፍል ትቼ፣ የእናቴን በርጩማ ስቤ ከፊቱ ተቀመጥሁ። «ልትቃኝልኝ ነው?» አለኝ በሥጋት። «አይደለም፤ ልሰማህ ነው» አልሁት። አንዲቱን የከበደችውን መስመር አራት ጊዜ መላለሳት፤ በሦስተኛው አንድ ድምፅ ወርዶ ሲቀር እኔም ሰማሁት፣ እርሱም መስማቴን አየ፤ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም፤ በአራተኛው አቀናው። ነገሩ ሁሉ 11 ደቂቃ ፈጀ።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ዋሽንት እናገራለሁ። ይህ ሰዓት በየቤቱ ልጆች የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ክራሩን ወይም ቫዮሊኑን ከግድግዳው የሚያወርዱበት ሰዓት መሆኑን ዐውቃለሁና፣ ያን ጊዜ ከወዲያኛው ክፍል የአውታር ድምፅ ቢሰማችሁ፣ እባካችሁ እኔን ዝጉኝና እርሱን ሄዳችሁ ስሙት።

ደኅና እደሩ።

(ክራር፤ ዝግጅቱ ያበቃል።)